ፕላውቱስ በእርግጥ ምን ጻፈ? የሮማ ኮሜዲን ጽሑፍ ማጣራት ለሚጀምሩ

የሮማዊው ኮሜዲ ጸሐፊ የፕላውቱስ የእጅ ጽሑፍ የለንም። የሌላው ኮሜዲ ጸሐፊ የቴሬንስም የለም። አንድ መስመር እንኳ አልተረፈም። ፕላውቱስ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ184 ገደማ ነው። በእጃችን ካሉት የእሱ ቅጂዎች ጥንታዊው የተጻፈው ደግሞ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መሀል ላይ 500 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጽሑፉን ተዋናይ ቆርጦታል፣ መምህር አብራርቶበታል፣ ገልባጭ አንቀላፍቶበታል። ስለዚህ ዛሬ መጽሐፍ ገልጠን "ፕላውቱስ እንዲህ አለ" ስንል የምናነበው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቅጂዎችን አነጻጽሮ የወሰነውን ነው። ያ ውሳኔ እንዴት እንደሚደረግ ማየት፣ ከቻላችሁም ራሳችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ትንሽ ላቲን ይጠይቃል። ትዕግሥት ግን ብዙ ይጠይቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አንድ ስንኝ ተበላሽቷል ብላችሁ ልታርሙት ስትነሱ፣ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ማስረዳት ካልቻላችሁ ብዕራችሁን አስቀምጡ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ስንኝ አልጥም ብሎኝ ቀናት ሙሉ ሳስተካክለው ከርሜ በመጨረሻ ችግሩ የኔ ላቲን ሆኖ አገኘሁት። ስንኙ ምንም አልጎደለውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ራሴን እጠረጥራለሁ፣ ቀጥሎ ገልባጩን፣ ገጣሚውን በመጨረሻ።

የት ልጀምር ለሚል፣ በቴሬንስ ጀምሩ። ስድስት ተውኔት ብቻ ነው ያለው፣ ሁሉም ተርፈዋል፣ ላቲኑም የጠራ ነው። ፕላውቱስን ካላነበብኩ የምትሉ ከሆነ "ሜኔክሚ" ጥሩ መግቢያ ነው። "ትሩኩሌንቱስ"ን ግን ለጊዜው ተዉት። ከፕላውቱስ ተውኔቶች ሁሉ እጅግ የተጎዳው እሱ ነው፣ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል።

ቅጂዎቹን በስማቸው እወቁ

ማንኛውንም ንባብ (አንድ ቅጂ በአንድ ቦታ ላይ የያዘውን ቃል) ከመመዘናችሁ በፊት ንባቡን የያዘው ማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ምስክርን ሳያውቁ ቃሉን መመዘን አይቻልም።

ለፕላውቱስ ሁለት ትልልቅ ምስክሮች አሉ። አንደኛው በሚላን አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ ብራና ነው፤ ምሁራን "ኤ" ይሉታል። ይህ ብራና ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ነው። መነኮሳት የፕላውቱስን ጽሑፍ አጥበው በላዩ ላይ ከብሉይ ኪዳን መጽሐፈ ነገሥትን ጻፉበት። አንጄሎ ማይ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሹም በ1815 ከሥር ያለውን ጽሑፍ አገኘ። የደበዘዘውን ፊደል ለማውጣትም ኬሚካል ቀባበት። ፊደሉ ለጊዜው ወጣ፣ ብራናው ግን ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ቪልሄልም ሽቱደሙንት የሚባል ጀርመናዊ ዓመታት ሙሉ ከዚህ ብራና ጋር ታግሎ ያየውን ፊደል በፊደል ገለበጠው፣ ሥራውም በ1889 ታተመ። ዓይኑን የከፈለበት ሥራ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያስቀመጠው ስንኝ ከሮማዊው ገጣሚ ከካቱሉስ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም "ከዓይኖቼ አብልጬ ባልወድህ ኖሮ" የሚል ነው። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እንዲሁ ለማዘን አይደለም። ዛሬ "ኤ እንዲህ ይላል" የሚል ማስታወሻ ስታዩ፣ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ "ሽቱደሙንት እንዲህ ያየ መስሎታል" ማለት ነው። አርታዒው ከፊደሉ ሥር ነጥብ ካስቀመጠ ወይም የጥያቄ ምልክት ከጨመረ አትዝለሉት።

ሁለተኛው ምስክር "ፒ" የሚባለው የፓላቲን ቤተሰብ ነው። ይህ አንድ መጽሐፍ አይደለም። ከጠፋ አንድ አባት የተወለዱ ቅጂዎች ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹም የ10ኛውና የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። "ቢ" እና "ዲ" ቫቲካን አሉ፣ "ሲ" ሃይደልበርግ አለ። "ዲ" የራሱ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን ሰው በብዛት የሚያውቀው የፕላውቱስን የመጀመሪያ ስምንት ተውኔቶች ብቻ ነበር። ኒኮላስ ኩሳኑስ ጀርመን ውስጥ ያገኘው ይህ መጽሐፍ በ1429 ሮም ወደ ካርዲናል ኦርሲኒ ሲደርስ ግን አሥራ ሁለት ያልታወቁ ተውኔቶች ባንዴ ብቅ አሉ።

ሦስተኛ ምስክርም ነበር፣ ጠፍቷል እንጂ። አድሪያን ቱርኔብ የተባለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ምሁር ያየው ብራና ነው። ብራናው ዛሬ የለም። ከእሱ የተለቀሙ ንባቦች ግን በአንድ የታተመ ፕላውቱስ ኅዳግ ላይ ተጽፈው ኦክስፎርድ ቦድሊያን ውስጥ ተቀምጠው ኖረው ሊንድሴይ የተባለው ስኮትላንዳዊ ምሁር በ1897 አገኛቸው። የድሮ የታተመ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የተሞነጫጨረ ነገር ካያችሁ በጥንቃቄ አንብቡት የምለው ለዚህ ነው።

ቴሬንስ ጋ ነገሩ ይለያል። የእሱ ቅጂዎች ከ650 በላይ ናቸው፤ ምክንያቱም ለዘመናት የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነበር። ከሁሉ የሚቀድመው "ቤምቢኑስ" የሚባለው የቫቲካን ብራና ነው፣ የ4ኛው ወይም የ5ኛው ክፍለ ዘመን። ስሙን ያገኘው ከቤምቦ ቤተሰብ ነው። የቀሩት ቅጂዎች በሙሉ ማለት ይቻላል "ካሊዮፒዩስ" የሚባል ሰው ስም ይዘው የሚዞሩ ናቸው፣ "ካሊዮፒዩስ አጣራሁት" የሚል ማስታወሻ ስላለባቸው። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ስድስት መቶ ቅጂ አንድ ንባብ ይዞ፣ ቤምቢኑስ ብቻውን ሌላ ቢል፣ ስድስት መቶው ያሸንፋል ብለው ያስባሉ። አያሸንፍም። ስድስት መቶው የአንድ አባት ልጆች ከሆኑ ድምፃቸው አንድ ነው። በተቃራኒውም ቤምቢኑስ ስላረጀ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ እሱም የሚሳሳትበት ብዙ ቦታ አለ፣ ደግሞ የ"አንድሪያ" አብዛኛው ክፍል ከውስጡ ጠፍቷል።

ዝምድናን የሚያሳየው የጋራ ስህተት ነው

ሁለት ቅጂዎች ልክ የሆነ ቃል ቢጋሩ ምንም አይነግራችሁም። ልክ የሆነውን ሁሉም ከምንጩ ሊያገኘው ይችላል። አንድ ዓይነት ስህተት ሲጋሩ ግን ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ማለት ነው።

ጥሩው ማሳያ "አምፊትሩዎ" ነው። ከተውኔቱ መሀል ወደ 300 የሚጠጉ ስንኞች ጎድለዋል። ሁሉም የፓላቲን ቅጂዎች ላይ ጎድለዋል። ይህ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም፤ ከሁሉም በላይ የነበረው አባት መጽሐፍ ላይ ቅጠሎች ወድቀው ነበር። የ"ባኪደስ" መጀመሪያም እንዲሁ የለም፣ የ"አውሉላሪያ" መጨረሻም የለም። በቅደም ተከተሉ የመጨረሻዋ የነበረችው "ቪዱላሪያ" ደግሞ ከዚህ ቤተሰብ ጨርሳ ጠፍታለች፤ የመጽሐፍ ጀርባ ቀድሞ እንደሚቀደድ ለሚያውቅ ሰው አይገርምም። የቀሯት ቁርጥራጮች የመጡት ከሚላኑ ብራናና ከጥንት ሰዋስው አዋቂዎች ጥቅስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ምሁራን እነዚህን ክፍተቶች በራሳቸው ላቲን ሞልተዋቸዋል። የ"አውሉላሪያ"ን መጨረሻ ኮድሩስ ኡርቼዩስ ጽፎለታል፣ ለ"አምፊትሩዎ" ደግሞ ኤርሞላኦ ባርባሮ። የድሮ እትሞች እነዚህን ከፕላውቱስ ስንኞች ጋር አብረው ያትሟቸው ነበር። አሮጌ እትም ይዛችሁ ከሆነ የምታነቡት ማንን እንደሆነ አረጋግጡ።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። አንድ ትዕይንት ምረጡ፣ ሃምሳ ስንኝ ይበቃል። ከእትሙ ገጽ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የንባብ ልዩነት ዝርዝር ተመልከቱና እያንዳንዱን ልዩነት በወረቀት ላይ አውጡት፤ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ በአምድ ጻፉ። ከዚያ ልክ የሆኑትን ሰርዙና ግልጽ ስህተት የሆኑትን ብቻ አስቀሩ። የቀረው ሰንጠረዥ የዝምድና ሐረጉን ራሱ ይነግራችኋል። አንድ ቅጂ የሌላውን ስህተት ሁሉ ይዞ የራሱን ጨምሮ ካገኛችሁት፣ ልጅ ነው፤ አባቱ በእጃችሁ እስካለ ድረስ እሱን መጥራት አያስፈልግም። ከ"ዲ" የተገለበጡት የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ቅጂዎች ለአሥራ ሁለቱ ተውኔቶች በዚህ ምክንያት ነው ከምስክርነት የሚወጡት። ግን አትጣሏቸው። አንዳንዶቹ ላይ ብልህ አንባቢዎች ያሰፈሩት እርማት አለ።

ምጣኔውን ተማሩ፣ አቋራጭ የለም

ብዙ ሰው ይህንን ክፍል መዝለል ይፈልጋል። አትዝለሉት። የሮማ ኮሜዲ በግጥም ነው የተጻፈው፣ ግጥሙ ደግሞ የተበላሸበትን ቦታ ራሱ ይጠቁማችኋል።

በብዛት ከምታገኟቸው ስንኞች አንዱ ንግግር ያለ ሙዚቃ የሚነገርበት ስድስት እግር ያለው ስንኝ ነው። አንድ እግር በመሠረቱ አጭር ቀለምና ረጅም ቀለም ነው (ቀለም ማለት በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የቃል ክፍል ነው)፤ ነገር ግን ከመጨረሻው እግር በቀር አጭሩ ቦታ በረጅም ሊተካ ይችላል፣ አንድ ረጅምም በሁለት አጭር ሊተካ ይችላል። ቃል በአናባቢ ወይም በ"ም" አልቆ የሚቀጥለው በአናባቢ ወይም በ"ህ" ከጀመረ የመጀመሪያው መጨረሻ ይዋጣል።

የቴሬንስን በጣም የታወቀ ስንኝ እንውሰድ፦ "ሆሞ ሱም፤ ሁማኒ ኒል አ ሜ አሊኤኑም ፑቶ"። ሰው ነኝ፣ ሰውን የሚመለከት ምንም ነገር ለኔ ባዕድ አይደለም ማለት ነው። "ሱም" ከ"ሁማኒ" ፊት ይዋጣል፣ "ሜ"ም ከ"አሊኤኑም" ፊት ይዋጣል። የቀረውን ቁጠሩ፦ ሆ–ሞ፣ ሁ–ማ፣ ኒ–ኒል፣ አ–አ–ሊ፣ ኤ–ኑም፣ ፑ–ቶ። ስድስት እግር። አሁን ገልባጩ "አ ሜ" የሚለውን ዘሎት ቢሆንስ? ትርጉሙ ብዙም አይጎዳም፣ አንባቢም ላያስተውል ይችላል። ምጣኔው ግን ይሰበራል፤ አራተኛው እግር "አ–ሊ" ብቻ ይሆናል፣ ሁለት አጭር ቀለም፣ ይህም አይፈቀድም። ስለዚህ ምንም ሌላ ቅጂ ባይኖራችሁ እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ታውቁ ነበር።

ሌላ ሙከራ። "ኒል" በሚለው ፋንታ ሙሉውን "ኒሂል" ብትጽፉ ምን ይሆናል? ሦስተኛው እግር ኒ–ኒ–ሂ ይሆናል፣ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር። ይህ ይፈቀዳል። ማለትም በዚህ ቦታ ምጣኔው አይፈርድላችሁም፤ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አለባችሁ። ይህን ያነሳሁት ምጣኔ ሁሉን ይፈታል ብለው ጀምረው መንገድ የሳቱ ትልልቅ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ሪቹል ከነሱ አንዱ ነው። ፍሪድሪሽ ሪቹል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕላውቱስን ጥናት ከሥር መሠረቱ ያቋቋመ ሰው ነው፣ ለእሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። በፕላውቱስ ስንኞች ውስጥ ሁለት አናባቢዎች ሳይዋጡ ጎን ለጎን የሚቆሙባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ጥንታዊ ላቲን አንዳንድ ቃላት መጨረሻ ላይ "ድ" ነበረው፤ "ሜ" የሚለው "ሜድ"፣ "ቴ" የሚለው "ቴድ" ይባል ነበር፣ ይህም በፕላውቱስ ውስጥ በእርግጥ አለ። ሪቹል በ1869 ይህንን "ድ" ብዙ ስሞች ላይ ጭምር እየቀጠለ ክፍተቶቹን መድፈን ጀመረ። የኋላ ምሁራን አብዛኛውን አልተቀበሉትም። አንድ ደንብ አንድ ቦታ ስለሠራ ሁሉ ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም። በተለይ ተናጋሪ ሲቀየር ወይም በስንኙ መሀል እረፍት ሲኖር ሁለቱ አናባቢዎች ሳይዋጡ መቆማቸው ተፈጥሯዊ ሊሆን ይችላል። መድረክ ላይ አንዱ ጨርሶ ሌላው ሲጀምር አስቡት።

የንግግሩንም አካሄድ ልመዱ። በፕላውቱስ ጊዜ ከአጭር ቀለም ቀጥሎ የሚመጣ ረጅም ቀለም በሚነገርበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ያጥር ነበር፤ "ቮሉፕታስ ሜአ" ሲባል "ሉፕ" እንደ አጭር የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ከኋለኛው ገጣሚ ከቨርጂል የተማራችሁትን ሕግ ይዛችሁ ፕላውቱስ ላይ ከመጣችሁ ግማሹ ስንኝ የተበላሸ ይመስላችኋል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነበር።

ገልባጩ ምን አየ? ምንስ ሰማ?

አሁን ወደ ሥራው ልብ ደረስን። ራሳችሁን በገልባጩ ወንበር አስቀምጡ። ብርሃን ትንሽ ነው፣ ከፊቱ ያለው መጽሐፍ በቃላት መካከል ክፍተት የሌለው፣ ሁሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው። በዚያ ዓይነት አጻጻፍ "ኢ" (E) እና "ኤፍ" (F) ይመሳሰላሉ፣ "አይ" (I)፣ "ቲ" (T) እና "ኤል" (L) ይመሳሰላሉ። በኋላ ዘመን በትንንሽ ፊደል መጻፍ ሲመጣ ደግሞ ሌሎች ጥንዶች ተተኩ፦ "ዩ" (u) ከ"ኤን" (n)፣ "ሲ" (c) ከ"ቲ" (t)፣ ረጅሙ "ኤስ" (ſ) ከ"ኤፍ" (f)። ይህ ለምን ይጠቅማል? አንድ ስህተት የትኛው ዘመን ላይ እንደተፈጠረ ይነግራችኋል። በትልልቅ ፊደል ብቻ ሊፈጠር የሚችል ስህተት ካገኛችሁ፣ ስህተቱ በጣም አሮጌ ነው።

የቃል ድንበር ችግር ደግሞ የደራሲውን ስም እንኳ አልማረም። ለረጅም ጊዜ የሰውየው ስም "ማርኩስ አኪዩስ ፕላውቱስ" ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሪቹል የሚላኑን ብራና ይዞ ነገሩን ፈታው፤ በተውኔቶች መጨረሻ ላይ "የቲ. ማኪ ፕላውቲ" የሚል ተጽፎ ነበር። ስሙ ቲቱስ ማኪዩስ ነው። "ማኪዩስ" የሚለው አንድ ቃል ተሰንጥቆ "ኤም. አኪዩስ" ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ትርጉም የማይሰጥ ስንኝ ሲገጥማችሁ ፊደል ከመቀየራችሁ በፊት ክፍተቶቹን ሁሉ አጥፉና እንደገና ቁረጡት። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እዚያው ነው።

ዓይን ከአንድ ቃል ወደ ተመሳሳይ ቃል ይዘላል፣ መሀል ያለው ይጠፋል። ይህንን በቀላሉ ትለዩታላችሁ፦ የጎደለው ክፍል ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ አንድ ዓይነት መጨረሻ ታያላችሁ።

ከዚህ የሚከብደው ገልባጩ አስቦ የለወጠው ነው። ፕላውቱስ "ቮርቲት"፣ "ሴርቮስ"፣ "ኦፕቱሙስ" ይል ነበር፣ በኋላ ዘመን ሰው ደግሞ "ቬርቲት"፣ "ሴርቩስ"፣ "ኦፕቲሙስ" ማለት ለመደ። ገልባጩ ያስተካከለ መስሎት ወደ ራሱ ዘመን አጻጻፍ ያመጣዋል። ስለዚህ ሁለት ንባብ ሲኖራችሁ፣ አንዱ እንግዳና አስቸጋሪ ሌላው የለመድነው ከሆነ፣ ጥያቄው "የትኛው ከየትኛው ሊመጣ ይችላል?" የሚል ይሁን። ከባዱን ቀላል የሚያደርግ ገልባጭ ሞልቷል። ቀላሉን ወደ ከባድ ጥንታዊ ቃል የሚቀይር ግን ብርቅ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ከባድ ማለት ትርጉም የለሽ ማለት አይደለም። ትርጉም የለሹ ዝም ብሎ ስህተት ነው።

በዚህ ጉዳይ ከቅጂዎቹ ውጭ ያሉ ምስክሮች ወርቅ ናቸው። የጥንት ሮማውያን ምሁራን ቫሮ፣ ፌስቱስና ኖኒዩስ ማርኬሉስ ብርቅዬ ቃላትን ለማብራራት ከፕላውቱስ ይጠቅሳሉ። በ"ሚሌስ ግሎሪዮሱስ" ውስጥ ጥገኛው ሰው የወታደሩን ቤት የወይራ ምግብ ሲያወድስ የሚናገረው ስንኝ አለ። የፕላውቱስ ቅጂዎች ላይ ፊደሉ ተደበላልቆ የቃላት ድንበር ጠፍቷል። ቫሮ ግን ስንኙን ጠቅሶ "ኤፒቲሩም" የምግብ ስም መሆኑን ይነግረናል፤ እዚያው "ኢንሳኑም" የሚለው ቃል "እብድ" ማለት ሳይሆን "እጅግ" ለማለት የገባ መሆኑንም ያብራራል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች "ጉድ ነው የሚጥመው" እንደምንለው ያለ አነጋገር ነው። ቫሮ ባይጠቅሰው ያንን ጣዕም አናገኘውም ነበር።

ሌላ ዓይነት ማሳያ ከ"ፔኑሉስ" ላምጣ፣ በግሌ በጣም የምወደው ነው። ሃኖ የሚባለው የካርታጎ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ በራሱ ቋንቋ፣ በፑኒክ ይናገራል። ሮማውያኑ ገልባጮች ቃሉን አያውቁትም። "አሎኒም ዋሎኑት" የሚል ሐረግ አለ፣ "አማልክትና እንስት አማልክት" ማለት ነው። ግዕዝ የሚያውቅ አንባቢ መሀል ላይ ያለችውን "ወ" ወዲያው ያያታል። ገልባጩ ግን አላያትም፤ ለእሱ የድምፅ ክምር ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቅጂዎቹን ስታነጻጽሩ፣ ያልገባው ሰው ሲገለብጥ ምን ዓይነት ስህተት እንደሚሠራ ንጹሕ ሆኖ ታያላችሁ። አስቦ የማስተካከል ስህተት የለም፣ የዓይን ስህተት ብቻ ነው። የገልባጭን ዓይን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሁሉ ልዩነት ስህተት አይደለም

ኮሜዲ ለመድረክ ነው የተጻፈው። ቡድኖች ገዝተውታል፣ ደግመው አቅርበውታል፣ ቆርጠውታል፣ ቀጥለውበታል። የ"ካሲና" መቅድም በግልጽ ይህን ይናገራል፦ ሕዝቡ የፕላውቱስን ተውኔቶች አጥብቆ እንደሚፈልግ ስለሰማን የእሱን የድሮ ኮሜዲ እናቀርባለን ይላል። ይህን ፕላውቱስ ራሱ ሊጽፈው አይችልም፤ ከሱ በኋላ ለድጋሚ ዝግጅት የተጨመረ ነው። "ፔኑሉስ" ሁለት መጨረሻ አለው። የቴሬንስ "አንድሪያ"ም በአንዳንድ ቅጂዎች ሌላ መጨረሻ ይዞ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥማችሁ "ትክክለኛው የትኛው ነው?" ብላችሁ አንዱን ለማጥፋት አትቸኩሉ። አንድ ሐሳብ ሁለት ጊዜ በተለያየ ቃል ተከታትሎ ከመጣ፣ ምናልባት አንዱ የገጣሚው ሌላው የኋላ ተዋናዮች ምትክ ነው፤ ጥንት የነበረ አሰናጅ ሁለቱንም እንዳይጠፉ ብሎ ጎን ለጎን አኑሯቸዋል። በቅንፍ አስቀምጧቸው፣ ምክንያታችሁን ጻፉ።

የተናጋሪዎች ስምም እንዲሁ ነው። ማን ምን አለ የሚለው በቅጂዎቹ ላይ እጅግ ደካማ ማስረጃ ነው። በሚላኑ ብራና ላይ በቀለም የተጻፉት ስሞች ታጥበው ባዶ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ መስመር ከባሪያው አፍ ወደ ጌታው አፍ መቀየር ፊደል ከመቀየር ይልቅ ትንሽ ጣልቃ ገብነት ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሁለት ሆናችሁ ብታነቡት ደግሞ ይሻላል፤ የተሳሳተ ሰው አፍ ውስጥ ያለ መስመር ሲነበብ ይታወቃል።

የግሪኩን ምንጭስ? ፕላውቱስ ከግሪክ ነው የወሰደው፣ ግን እየተረጎመ አልነበረም። በ1968 ከግብፅ የተገኘ ፓፒረስ ታተመ፤ በላዩ ላይ የ"ባኪደስ" ምንጭ የሆነው የግሪካዊው ኮሜዲ ጸሐፊ የሜናንደር ተውኔት ቁራጭ ነበረበት። ከ"ባኪደስ" ስንኝ 494 እስከ 562 ካለው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ነገር ተገለጠ። ፕላውቱስ ትዕይንት አውጥቷል፣ ስሞች ቀይሯል። በሜናንደር ሲሮስ የነበረው ባሪያ በፕላውቱስ ክሪሳሉስ ሆኗል፤ ይህ ክሪሳሉስም በኋላ እነዚያ ፓርሜኖዎችና ሲሮሶች ደስ አይሉኝም ብሎ ይናገራል። የግሪኩን ስም የሚያውቅ ሰው ሳቁ ይገባዋል። "ግሪኩ ስለማይለው ላቲኑ ተሳስቷል" የሚል ክርክር ከዚያ በኋላ አቅም አጥቷል።

ማረም ሲመጣ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይድን የሚመስል ስንኝ ይቀራል። ያኔ መላ ምት ይፈቀዳል። የኔ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቅጂዎቹን ፊደል እንዳለ ያለ ክፍተት እጽፋለሁ። ምጣኔው የት ላይ እንደሚሰበር ምልክት አደርጋለሁ። ፕላውቱስ በሌላ ቦታ ተመሳሳይ አነጋገር ይጠቀም እንደሆነ እፈልጋለሁ፤ ይህ በኮምፒውተር ፍለጋ ዛሬ የደቂቃ ሥራ ሆኗል፣ ድሮ ዕድሜ ይፈጅ ነበር። ከዚያ ሐሳብ ካገኘሁ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፦ ይህ ትክክል ቢሆን ኖሮ ገልባጩ እንዴት ወደዚያኛው ሊደርስ ቻለ? መንገዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለብኝ። ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ተከታትለው መፈጠር ካለባቸው እጥለዋለሁ። በመጨረሻም ከቀደሙት አርታዒ ምሁራን ቤንትሊ፣ ካሜራሪዩስ፣ ሊዮ ወይም ሊንድሴይ ቀድሞ አስቦት እንደሆነ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ አስቦታል። ያኔ ስሙን አስቀምጡ፤ የሰው እርማት የራስ አስመስሎ ማቅረብ በዚህ ሙያ ትልቅ ነውር ነው። ቤንትሊ በ1726 ባወጣው ቴሬንስ ላይ ያቀረባቸውን እርማቶች ማንበብ ደግሞ ራሱ ትምህርት ቤት ነው፣ ድፍረቱ አንዳንዴ ቢበዛም።

ምንም ካልተገኘስ? የተበላሸውን ቃል በሁለት የሰይፍ ምልክት (†) መሀል አስቀምጡና ቅጂዎቹ ያሉትን እንዳለ አትሙ። አንባቢው እዚህ ቦታ ቁስል እንዳለ ያውቅ። የሚያምር ግን ያልተረጋገጠ ቃል አስገብቶ ማለስለስ አንባቢን ማታለል ነው።

ለመጀመሪያ ልምምድ ይህን አድርጉ። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍትና የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ብራናዎች ፎቶ አንስተው በነጻ ድረ ገጻቸው ላይ አስቀምጠዋል። "ቤምቢኑስ"ን ክፈቱ፣ አንድ ገጽ ምረጡ፣ የታተመውን ቴሬንስ ዝጉ። ሃያ ስንኝ ፊደል በፊደል በእጃችሁ ገልብጡ። ከዚያ የታተመውን ከፍታችሁ ራሳችሁ የሠራችሁትን ስህተት ቁጠሩና እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ጎኑ ላይ ጻፉበት፤ የትኛው የዓይን ነው፣ የትኛው የልማድ፣ የትኛው "ይህ እንዲህ ሊሆን አይችልም" ብላችሁ ያስተካከላችሁት።